ለቴክኒካል ዳይቪንግ ኮምፒዩተር ስንመርጥ፦ ከባህር ወደ ደሴ ለሚመለስ ጠላቂ

ጅቡቲ፣ ጅዳና ሁርጋዳ ያሉ የወሎ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ቴክኒካል ዳይቪንግ ልጀምር ነው፣ የትኛውን ኮምፒዩተር ልግዛ?» (ቴክኒካል ዳይቪንግ ማለት ለመዝናናት ከሚጠለቅበት ገደብ አልፎ መጥለቅ ነው።) የሚፈልጉት የማርካ ስም ነው። አብሽሩ፣ ስሙንም እናገራለሁ። ግን ከስሙ በፊት መሣሪያው ምን እንደሚያሰላና ቁጥሩን ከየት እንደሚያመጣው መግባባት አለብን። ምክንያቱም እኛ ወሎዬዎች ባህር ዳር ተወልዶ እዚያው የሚኖር ጠላቂ የማያውቀው አንድ ጣጣ አለብን። ባህሩ ታች ነው፣ ቤታችን ላይ ነው።

ዳይቭ ኮምፒዩተር እጅ ላይ የሚታሰር ሰዓት መሳይ መሣሪያ ነው። ለስሌቱ የሚለካው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ግፊትና ጊዜ። ሌላው ሁሉ ሂሳብ ነው። ሰውነትህን አያይም። ደምህ ውስጥ ስንት ናይትሮጅን እንደገባ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ይህ ሰው ይህን ያህል ግፊት ውስጥ ይህን ያህል ደቂቃ ቆየ፣ የሚተነፍሰው ይህን ጋዝ ነው፣ ስለዚህ ይህን ያህል ሳይገባበት አይቀርም ብሎ ይገምታል። ከዚያ ስንት ሜትር ላይ ስንት ደቂቃ ቆመህ መውጣት እንዳለብህ ይነግርሃል። በቃ። ስለዚህ ገንዘብህን የምታወጣው ለግምቱ ነው፣ ስክሪኑና ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

የሚገመተው ምንድን ነው? ከምንተነፍሰው አየር ከ100 እጁ 78ቱ ናይትሮጅን ነው። መሬት ላይ ምንም አያደርገንም። ባህር ውስጥ ግን በየ10 ሜትሩ አንድ ባር (ባህር ዳር ያለው የአየር ግፊት ያህል) ግፊት ይጨመራል። 40 ሜትር ላይ ስትደርስ ከውሃው በላይ ከነበረብህ 5 እጥፍ ግፊት አለብህ፣ ናይትሮጅኑም በዚያው ልክ ወደ ደምህና ወደ ሥጋህ ይሰርጋል። ስትወጣ ደግሞ እሱም መውጣት አለበት። ቀስ ካልክ በሳንባህ በኩል በሰላም ይወጣል። ከቸኮልክ እዚያው ሰውነትህ ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ያሳምማል፣ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ከሆነ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ጠላቂዎች ቤንድስ የሚሉት ይህንን ነው።

ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ምንም ቢፈጠር በቀጥታ ወደ ላይ መውጣት የሚችልበት ገደብ ውስጥ ይቆያል። ቴክኒካል ጠላቂ ያን ገደብ አውቆ ያልፈዋል። አንዴ ካለፈ በኋላ በላዩ ላይ የማይታይ ጣሪያ አለ፤ ያን ጣሪያ ሰብሮ መውጣት አይችልም፣ ደረጃ በደረጃ እየቆመ ጣሪያው ከፍ እስኪልለት መጠበቅ አለበት። የመዝናኛ ኮምፒዩተር ዋና ሥራው ገደቡን እንዳታልፍ ማስጠንቀቅ ነው። የቴክኒካሉ ሥራ የሚጀምረው ካለፍክ በኋላ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት የብዙ ሰው ስህተት ነው። ዋጋው ረከስ ብሎ ሲያገኙት «ይሄም እኮ ዲኮ ያሰላል» ይላሉ (ዲኮ የሚባለው ይህ ደረጃ በደረጃ እየቆሙ መውጣት ነው)። ያሰላል፣ አዎ። ጥያቄው ግን በስንት ጋዝ፣ በየትኛው ስሌት፣ የሆነ ነገር ሲበላሽስ ምን ያደርጋል የሚለው ነው።

ስለ ስሌቱ ትንሽ ልበል (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መጀመሪያ በወጉ ያሰላው ጆን ስኮት ሃልዴን የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ ሳይንቲስት ነው። ፍየሎችን ግፊት ባለበት ክፍል እያስገባ ሞክሮ በ1908 ውጤቱን አሳተመ። የገባው ነገር የሰውነት ክፍል ሁሉ እኩል እንደማይሞላ ነው። ቦኖ ላይ የተደረደሩ ጀሪካኖችን አስብ፤ አፉ የሰፋው ቶሎ ይሞላል ቶሎም ይደፋል፣ አፉ የጠበበው ዘግይቶ ሞልቶ ዘግይቶ ይለቃል። ደምና ደም በብዛት የሚደርሳቸው ክፍሎች ቶሎ ሞልተው ቶሎ ይለቃሉ፣ ስብና መገጣጠሚያ አካባቢ ግን ይዘገያል። ሃልዴን 5 ክፍል አድርጎ አሰላው። ዛሬ አብዛኛው የቴክኒካል ኮምፒዩተር የሚጠቀምበት የአልበርት ቡልማን ስሌት ደግሞ 16 ክፍል አለው፤ የመጨረሻው ክፍል ግማሹን ለመሙላት ብቻ 635 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ከ10 ሰዓት በላይ ማለት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ሊሸከመው የሚችለው የግፊት ልክ አለው፣ ኮምፒዩተሩ 16ቱንም በየጥቂት ሰከንዱ እያሰላ በጣም የተጨነቀውን ይዞ ጣሪያህን ይወስናል።

ቡልማንን የማነሳው ለታሪክ ብዬ አይደለም። ሰውዬው የስዊዘርላንድ ሐኪም ነው። አገሩ ባህር የላትም፣ ያሏት የተራራ ሐይቆች ናቸው፣ ስለዚህ ከፍታ ላይ ስለሚጠልቅ ሰው ገና ከመጀመሪያው ሲያስብበት ነበር። ስሌቱን ፔሩና ቦሊቪያ መካከል ባለው፣ 3,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው ቲቲካካ ሐይቅ ላይ ሳይቀር አስሞክሮታል። ደሴ አቅራቢያ ላሉት ለሐይቅና ለአርድቦ ሐይቆች ልጅ ከዚህ የቀረበ ስሌት አላውቅም።

ከፍታ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? ደሴ ላይ ጠጥተህ ክዳኑን ያጠበቅከውን የሃይላንድ ጠርሙስ ይዘህ ሐረጎን ወርደህ፣ ኮምቦልቻንና ባቲን አልፈህ ሚሌ ስትደርስ አውጥተህ እየው። ሆዱ ገብቶ ተጨማዷል። ማንም አልረገጠውም። ደሴ ላይ የታሸገው አየር ግፊቱ 750 ሚሊባር ገደማ ነው (1,000 ሚሊባር አንድ ባር ነው)፣ ሚሌ ላይ ግን የውጪው አየር ከ950 በላይ ሆኖ ስለጠበቀው ነው የጨመቀው። ጅቡቲ ላይ የታሸገ የቺፕስ ከረጢት ደግሞ ደሴ ሲደርስ እንደ ፊኛ ይነፋል። ሰውነትህ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንም ይህንኑ መንገድ ነው የሚጓዘው።

አሁን ሐይቅ ወደሚባለው ወደዚያው ውሃ እንምጣ። ከባህር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ማለትም በጥልቀቱ ብቻ ካየነው የቴክኒካል ዳይቪንግ ውሃ ነው። (እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ ያለው ውሃ ግን ለመነኮሳቱ ደጃቸው ነው። ሳይጠየቁና ሳይፈቀድ መግባት ነውር ነው።) ሐይቅ ላይ የአየሩ ግፊት 800 ሚሊባር ገደማ ነው፣ ባህር ላይ 1,013 ነው። ባህር ውስጥ 30 ሜትር ስትወርድ ያለብህ ግፊት ላይ ከነበረብህ 4 እጥፍ ነው። ሐይቅ ውስጥ 30 ሜትር ስትወርድ ግን ከ4 ተኩል እጥፍ ያልፋል፣ ምክንያቱም የተነሳህበት ግፊት ትንሽ ነው። አደጋውን የሚወስነው ደግሞ ስትመለስ የምትወጣበት ግፊት ነው። በድሮው የማስተካከያ ስሌት የሐይቅ 30 ሜትር በባህር ሰንጠረዥ የሚቆጠረው እንደ 37 ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ስለዚህ ለወሎ ሰው የመጀመሪያው የግዢ ጥያቄ ይህ ነው፦ ኮምፒዩተሩ የመነሻውን የአየር ግፊት እንዴት ነው የሚያውቀው? አንዳንዱ ሲበራ ራሱ ለክቶ ይይዛል። አንዳንዱ ከፍታውን አንተ በእጅህ እንድትሞላለት ይጠብቃል፣ ከረሳህ ባህር ላይ ያለህ ይመስለዋል። አንዳንዱ ከሆነ ከፍታ በላይ ጭራሽ አልሠራም ይላል። ባህር ላይ ነኝ ብሎ የሚያስብ ኮምፒዩተር ይዘህ ሐይቅ ብትገባ ሁለት ነገር ይሳሳታል። ጥልቀትህን ከ2 ሜትር በላይ አሳንሶ ያሳይሃል፤ ይሄ እንኳን ይቻላል። የማይቻለው ሁለተኛው ነው። «አሁን መውጣት ትችላለህ» ሲልህ 1,013 ወዳለበት አየር የምትወጣ መስሎት ነው፣ አንተ ግን 800 ወዳለበት ነው ብቅ የምትለው።

ራሱ የሚለካውም ቢሆን አጠቃቀም አለው። የሺርዋተር ኮምፒዩተሮችን ምሳሌ ላንሳ። ውሃ ውስጥ ሲገቡ በራሳቸው የሚበሩት ግፊቱ 1,100 ሚሊባር ሲያልፍ ነው። ባህር ላይ ይህ አንድ ሜትር እንኳ ሳትወርድ ይሆናል። 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ወደ 3 ሜትር እስክትወርድ አይበራም። ስለዚህ ሐይቅ ላይ «ሲገባ ይበራል» ብሎ ዝም ማለት የለም። ዳር ላይ ቆመህ፣ ከመግባትህ በፊት አብራው፣ የአየር ግፊቱን የሚያሳየውን ገጽ ከፍተህ ቁጥሩን በዓይንህ እየው። የጨዋማና የጨው አልባ ውሃ ማስተካከያውንም አብረህ ቀይር፤ ይሄኛው የሚነካው የሚታየውን ጥልቀት በ3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ የዲኮ ስሌቱ በቀጥታ ከግፊቱ ስለሚሠራ ብዙ አይናጋም። ዱባይ ባለው 60 ሜትር በሚጠልቀው ገንዳ የምትለማመዱም ልብ በሉ፣ ያ ውሃም ጨው የለውም።

ሌላው ጉዳይ ከዚህም የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ሐይቅ ውስጥ ከሚጠልቀው ይልቅ ባህር ጠልቆ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ይበዛል። ከዳይቪንግ በኋላ አውሮፕላን እንዳትሳፈር ኮርስ ላይ ሁሉም ተምሯል። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት በአብዛኛው ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው ነው የሚሆነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እስቲ ይህን ቁጭ ብላችሁ አስቡት። ማለዳ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጠልቆ፣ ከሰዓት ጋላፊን አቋርጦ፣ ሌሊቱን ተጉዞ ሐረጎ ዳገትን የወጣ ሰው ለሰውነቱ አውሮፕላን ከመሳፈር አይተናነስም፤ በዚያ ላይ አውሮፕላኑ ይወርዳል፣ ደሴ ግን አትወርድም፣ እዚያው ያድራል። በ2002 የወጡት የታወቁት የበረራ ምክሮች ያለ ዲኮ አንድ ጊዜ ለጠለቀ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ 18 ሰዓት ይላሉ፣ ዲኮ ላለበት ዳይቭ ደግሞ ከ18 ሰዓት በጣም የረዘመ ይላሉ። እነሱም የሚሠሩት እስከ 2,400 ሜትር ነው። እኔ ለቴክኒካል ዳይቭ ከ24 ሰዓት በታች አልሰማም፣ ለተከታታይ ቀናት ከጠለቅክ 48 ጠብቅ። ቤተሰብ ናፍቆህ እንኳን ቢሆን ጅቡቲ ቁጭ በል፣ ካልሆነም ሰመራ ወይ ሚሌ እደር፤ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ኮምፒዩተርህ የበረራ ክልከላ ሰዓት ቆጣሪ ካለው ለመኪናውም ተጠቀምበት። ግን አንዳንዱ ቆጣሪ ምንም ሳያሰላ ከ24 ወደ ታች ብቻ ነው የሚቆጥረው፣ እሱን እንደ ዋስትና አትቁጠረው።

ከከፍታው ቀጥሎ ጋዝ ነው። 60 ሜትር ላይ ተራ አየር ብትተነፍስ ናይትሮጅኑ ያሰክርሃል፣ ኦክስጅኑም ወደ መርዝነት ይጠጋል። ስለዚህ ሂሊየም ይቀላቀላል፤ ትራይሚክስ የሚባለው ነው። 18 በመቶ ኦክስጅን፣ 45 በመቶ ሂሊየም ያለው ድብልቅ 60 ሜትር ላይ የናይትሮጅኑ ስካር 23 ሜትር ላይ አየር የሚተነፍስ ሰው ያህል ነው። ስትወጣ ደግሞ 21 ሜትር ላይ 50 በመቶ ኦክስጅን ወዳለው ሲሊንደር ትቀይራለህ፣ 6 ሜትር ላይ ወደ ንጹህ ኦክስጅን። ይህ ናይትሮጅንና ሂሊየሙን ቶሎ ያጥብልሃል። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ እነዚህን ሁሉ ማወቅ አለበት። ናይትሮክስ (ኦክስጅን የተጨመረበት አየር) ብቻ የሚያውቅ፣ ሂሊየም የማይቀበል ኮምፒዩተር ለዚህ አይሆንም። ቢያንስ ሦስት አራት ጋዝ ይያዝ፣ 5 ቢሆን ይሻላል።

እዚህ ላይ ሰው የማይጠይቀው ግን ወሳኝ ነገር አለ። አንዱ ሲሊንደር ቢጠፋብህስ? ሬጉሌተሩ (ከሲሊንደሩ ጋዙን የሚያስተነፍስህ ዕቃ) ተበላሽቶ 50 በመቶውን መጠቀም አልቻልክም እንበል። ጥሩ ኮምፒዩተር ውሃው ውስጥ ሆነህ ያን ጋዝ ከዝርዝሩ እንድታጠፋና ቀሪው የመውጫ ጊዜህን እንደ አዲስ እንዲያሰላ ይፈቅድልሃል። ካላጠፋኸው ግን ትጠቀማለህ ብሎ ቆጥሮ አጭር ጊዜ ይነግርሃል። ከመግዛትህ በፊት ይህን እንዴት እንደሚሠራ ሞክረው። ስንት ጊዜ መጫን ይጠይቃል? በጓንት ይቻላል? ሦስት አራት ንኡስ ማውጫ ውስጥ የተደበቀ ከሆነ ተወው።

ኦክስጅንንም መቁጠር አለበት። ከጠቅላላው ግፊት የኦክስጅኑ ድርሻ ብቻ 1.6 ባር ከሆነ ለአንድ ጊዜ የሚፈቀደው 45 ደቂቃ ነው፣ 1.4 ከሆነ 150 ደቂቃ። ካለፈ መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ ውሃ ውስጥ ደግሞ መንቀጥቀጥ ማለት መስጠም ነው። ስክሪኑ ላይ በመቶኛ ሲቆጥር የምታየው ቁጥር ይህ ነው።

ግራዲየንት ፋክተር የሚባሉት ሁለት ቁጥሮች ብዙ ሰው ያስፈራሉ፣ ሳያስፈልግ። ቡልማን ለእያንዳንዱ ክፍል ያስቀመጠውን የመሸከሚያ ልክ 100 በመቶ በለው። 30/70 ብለህ ከሞላህ የመጀመሪያው ማቆሚያህ ወደዚያ ልክ ከሚወስደው መንገድ 30 በመቶውን ስትሄድ ይሆናል፣ ከውሃ ስትወጣ ደግሞ ከ70 በመቶው አታልፍም። የመጀመሪያው ቁጥር ባነሰ ቁጥር ጥልቅ ላይ መቆም ትጀምራለህ። ሁለተኛው ባነሰ ቁጥር ጥልቅ ባልሆነው ቦታ ላይ ረጅም ጊዜ ትቆያለህ። ለከፍታ አገር ሰው እኔ የምይዘው ሁለተኛውን ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር ላይ ድሮ ብዙ ክርክር ነበር። ጥልቅ ላይ ቀድሞ መቆም አረፋውን ገና ትንሽ ሳለ ይይዘዋል ይባል ነበር፣ አረፋን የሚያሰሉ ሌሎች ስሌቶችም በዚህ ሐሳብ የተሠሩ ናቸው። የአሜሪካ ባህር ኃይል በ2011 ያወጣው ጥናት ነገሩን ቀየረው። 52 ሜትር ገደማ ወርደው 30 ደቂቃ የቆዩ ጠላቂዎችን በሁለት ዓይነት አወጣጥ ሞከረ፤ ጠቅላላ የመውጫ ጊዜው እኩል ነው። ጥልቅ ማቆሚያ በበዛበት ከ198 ዳይቭ 11 ቤንድስ ተገኘ፣ ማቆሚያው ወደ ላይ በተገፋበት ከ192 ዳይቭ 3 ብቻ። ጥልቅ ላይ ስትቆም ፈጣኖቹ ክፍሎች እየለቀቁ ሳለ ዘገምተኞቹ ገና እየሞሉ ስለሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ከ20ና 30 ወደ 50 አካባቢ ከፍ አደረገው። ለግዢህ ዋናው ነጥብ ግን እነዚህን ቁጥሮች አንተ ልትቀይራቸው የምትችልበት ኮምፒዩተር መግዛት ነው። አምራቹ «የራሴ ምስጢራዊ ስሌት ነው፣ ጥንቃቄውን ከ1 እስከ 5 ምረጥ» የሚልህ ከሆነ፣ 3 ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሳታውቅ ነው ሕይወትህን የምትሰጠው። ነገ ዕውቀቱ ቢቀየር አብረህ መቀየር አትችልም፣ ጓደኛህም የተለየ ማርካ ከያዘ ሁለታችሁ አብራችሁ መውጣት ያስቸግራችኋል።

ሌላው አጥብቄ የምለው መቆለፍን ነው። አንዳንድ የመዝናኛ ኮምፒዩተሮች አንድ ማቆሚያ ካጎደልክ ይቀጡሃል፤ ስሌቱን አቁመው ለ24 ወይ ለ48 ሰዓት ጥልቀትና ሰዓት ብቻ ያሳያሉ። ለጀማሪ ልክ ሊሆን ይችላል። ለቴክኒካል ጠላቂ ግን መረጃ በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት ዝም የሚል መሣሪያ ነው። ጓደኛህን ለመርዳት ጣሪያህን ትንሽ ጥሰህ ወጥተህ ተመልሰህ ብትወርድ ከዚያ በኋላ ስንት ደቂቃ እንደሚቀርህ ማን ይነግርሃል? የማይቆልፍ ግዛ።

ባትሪው ቀላል ነገር ይመስላል፣ ለእኛ ግን ቀላል አይደለም። በዩኤስቢ የሚሞላው ቀጭንና የሚያምር ነው፣ ማታ ሰካሁት ብለህ ተኝተህ መብራት ሄዶ ካደረ ግን ጠዋት ባዶ ነው። የግድግዳ ሰዓት ውስጥ የምትገባዋን ድንጋይ የሚጎርስ ከገዛህ የትኛውም ሱቅ ገብተህ ትገዛለህ፣ ባቲም ሰኞ ገበያ ላይ ታገኛታለህ። ሺርዋተር ፐርዲክስን የምወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ክዳኑን ስትከፍት ግን የጎማ ቀለበቷን አይተህ፣ ጸጉርና አሸዋ እንዳይኖርባት ጠርገህ ዝጋ።

ስክሪኑ ትልቅና ደማቅ ይሁን። 60 ሜትር ላይ፣ ትንሽ ሰክረህ፣ ውሃው ደፍርሶ ሳለ ነው የምታነበው። በቀጥታ የምትፈልገው ጥልቀት፣ ሰዓት፣ ቀጣዩ ማቆሚያና ላይ እስክትደርስ የቀረህ ጠቅላላ ጊዜ ነው። ሌላው ጌጥ ነው። የሲሊንደር ግፊትን በራዲዮ የሚቀበል ቢሆን መልካም፣ ባይሆንም ጌጁን ታያለህ። ሪብሪደር (የተነፈስከውን አየር አጣርቶ መልሶ የሚያስተነፍስ መሣሪያ) የመጠቀም ሐሳብ ካለህ ብቻ ደግሞ የኦክስጅን ሴንሰሮቹን በገመድ የሚያነብ ሞዴል ፈልግ፣ ዋጋው ይጨምራል፣ ካላሰብከው አትክፈልበት።

አሁን ስሞቹን። ብዙ ቴክኒካል ጠላቂ እጅ ላይ የምታየው የካናዳው ሺርዋተር ነው፤ ፐርዲክስ፣ ፔትረልና ቴሪክ ሞዴሎቹ ናቸው። ቡልማንን ከግራዲየንት ፋክተር ጋር ይሠራሉ፣ ትራይሚክስ ይቀበላሉ፣ አይቆልፉም። የጀርመኑ ሃይንሪክስ ቫይካምፕ የሚሠራው ኦ.ኤስ.ቲ.ሲ. ደግሞ ስሌቱ ሳይቀር ለሁሉም ክፍት ነው። ጋርሚን ዲሴንትም ትራይሚክስና ግራዲየንት ፋክተር ያላቸው ሞዴሎች አሉት፣ ቀን ቀን እንደ ሰዓት ልታደርገው ከፈለግክ እሱ ያምራል፣ በዩኤስቢ መሞላቱን ግን አትርሳ። ዋጋቸው ከ1,000 ዶላር ወዲህና ወዲያ ነው። ብዙ ብር ነው፣ አውቃለሁ። አረብ አገር ላቡን አንጠፍጥፎ ላጠራቀመ ልጅ ደግሞ የበለጠ ብዙ ነው። ለዚህ ነው ኮርሱን ሳትጨርስ አትግዛ የምለው። መጀመሪያ ተማር፣ አስተማሪህ የሚጠቀምበትን ያዝና ሞክር፣ ከዚያ ግዛ።

ከመግዛትህ በፊት ያለ ምንም ክፍያ ብዙ መማር ይቻላል። ሰብሰርፌስ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ ሊነክስን የፈጠረው ሊነስ ቶርቫልድስ በ2011 የጀመረው ነው። ላፕቶፕህ ላይ ጫነው፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። 60 ሜትር 20 ደቂቃ ብለህ ጋዞቹን ሙላ፣ ግራዲየንት ፋክተሩን 30/70፣ ከዚያ 50/80 አድርግ፣ የመውጫ ጊዜው እንዴት እንደሚቀያየር እየው። ከፍታውን ከ0 ወደ 2,000 ሜትር ቀይር፣ እንደገና እየው። አንድ ምሽት እንዲህ ከተጫወትክበት ሻጭ የሚያወራህን ግማሹን ራስህ ታርማለህ።

ሁለት ኮምፒዩተር ያስፈልጋል ወይ ለሚለው፣ አዎ ያስፈልጋል። ዲኮ ውስጥ ሆነህ አንዱ ቢጠፋ ሌላው መንገድህን ይነግርሃል። ሁለተኛው ውድ መሆን የለበትም፣ ግን ስሌቱ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ጋዞቹና ግራዲየንት ፋክተሩም እኩል ይሞሉ። አንዱ 20 ደቂቃ፣ ሌላው 35 የሚልህ ከሆነ ውሃ ውስጥ የምትከራከርበት ጊዜ የለም፤ ረጅሙን ጠብቅ፣ ክርክሩን መሬት ላይ ታደርገዋለህ። ለሁለተኛው አቅም እስኪኖርህ ጥልቀትና ሰዓት ብቻ የሚያሳይ መሣሪያና በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ በእርሳስ የተጻፈ የመውጫ ዕቅድ ያዝ፤ ካሰብከው 3 ሜትር ብትጠልቅ ወይም 5 ደቂቃ ብትቆይ የሚሆነውን ጭምር፣ አንድ ጋዝ ከጠፋም ምን እንደምታደርግ ጨምረህ።

ያገለገለ ለመግዛት ካሰብክ፣ አይከፋም። ዕቃው ጠንካራ ነው። ክዳኑን ከፍተህ ውስጡ ዝገት ወይም ነጭ የጨው ዱቄት እንዳለ እይ። ሁሉንም ቁልፍ ደጋግመህ ተጫን። የተመዘገቡትን ዳይቮች ከፍተህ ጥልቀቱ ባልተጠበቀ ቦታ የሚዘልል ከሆነ ሴንሰሩ ታሟል። ከዚያ የግፊቱን ገጽ ክፈት። ደሴ ላይ ሆነህ የምትገዛው ከሆነ 750 አካባቢ ማለት አለበት፣ ሐይቅ ዳር 800 አካባቢ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ 1,010 አካባቢ። ደሴ ቆሞ 1,013 የሚል ኮምፒዩተር ባህር ላይ ተብሎ በእጅ ተሞልቷል፤ ማስተካከያውን ወደ ራስ ለኪ መልሰህ፣ አጥፍተህ እንደገና አብራው። አሁንም 1,013 ካለ ብርህን ኪስህ መልስ።